ጥይት ለምን ይከሽፋል? የጠርዝ መለኮሻ ጥይት ለብልሽት ምርመራ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

«ከሸፈ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ቦታ ይሠራል። ዕቅድ ይከሽፋል፣ ሴራ ይከሽፋል፣ ጥሩ ተብሎ የተጀመረ ሥራም ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቃሉ በየክርክሩ የሚነሳ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከጠመንጃ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። ቃታ ተስቦ፣ መቺው «ቀጭ» ብሎ፣ ጥይቱ ግን ዝም ሲል «ከሸፈ» ይባላል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላይ የማነሳው ይህን የመጀመሪያውን መክሸፍ ነው። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስለ ጥይት ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። አንድ ትንሽ ጥይት ሲከሽፍ በውስጡ የሞላ ጉልበት አለ፣ የብረታ ብረት ባሕርይ አለ፣ ኬሚስትሪ አለ፣ የመለኪያ ልዩነት አለ፣ ዕድልና ስሌትም አለ። ከሁሉም በላይ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አለ። ይህ ጥያቄ ደግሞ ነገ በየፋብሪካውና በየጋራዡ የሚጠብቀን ነው። ለምሳሌ እንዲሆነኝ የመረጥኩት ነጥብ ሃያ ሁለት (0.22) ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ትንሽ የስፖርት ጥይት ነው። ምክንያቱም አሠራሩ ቀላል ሆኖ ሳለ የመክሸፍ ጠባዩ ከትልልቆቹ ጥይቶች የባሰ ነው።

ጥይት እንዴት ይለኮሳል?

ጥይት ስንል በልማድ አንድ ነገር አድርገን ነው የምናየው። በእርግጥ ግን አራት ነገሮች ናቸው፦ ከፊት የሚወረወረው አረር፣ ሁሉንም የሚይዘው የነሐስ ቀለህ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ በመጨረሻም ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻ። ባሩድ በመመታት ብቻ አይነሳም፤ እሳት ይፈልጋል። መለኮሻው ግን ሲመታና ሲደቆስ ወዲያው የሚነድ በጣም ስስ ቅመም ነው። እንግዲህ የመክሸፍ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ የመለኮሻው ታሪክ ነው።

መለኮሻው የሚቀመጥበት ቦታ ጥይቶችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀውን የክላሽ ጥይት ከግርጌው ብናየው መሐሉ ላይ ክብ ትንሽ ቆብ ተሰክቶ ይታያል። መለኮሻው እዚያ ቆብ ውስጥ ነው፤ መቺ መርፌውም መሐሉን ይመታል። ይህ የመሐል መለኮሻ ጥይት ይባላል። የ0.22 ጥይት ግርጌ ግን ልሙጥ ነው፤ ቆብ የለውም። መለኮሻው የቀለሁ ግርጌ ወደ ውጭ ታጥፎ በሠራው ባዶ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተለቅልቋል። መርፌው ጠርዙን ሲመታ ስሱ ነሐስ ይጨፈለቃል፣ በመሐሉ ያለው ቅመም በሁለት የነሐስ ግድግዳ መካከል ይደቆሳል፣ ይነዳል፣ ባሩዱን ይለኩሳል። ይህ የጠርዝ መለኮሻ ጥይት ነው።

መጠኑን ለማየት ያህል፣ የጠርዙ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ ደግሞ ወደ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህች ቀጭን ቀለበት ውስጥ ቅመሙ በሁሉም ቦታ እኩል መድረስ አለበት።

አጭር ታሪክ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጠርዝ መለኮሻ ጥይት የመሐል መለኮሻው ከመስፋፋቱ በፊት የተስፋፋ ነው። በ1845 ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የሚባል ጠመንጃ ሠሪ በአንድ የመለኮሻ ቆብ አፍ ላይ ትንሽ አረር ገጠመ። ባሩድም አልነበረውም፤ የመለኮሻው ጉልበት ብቻ በቤት ውስጥ ለሚደረግ የዒላማ ጨዋታ ይበቃ ነበር። በ1857 የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይህን ሐሳብ አሳድጎ ባሩድ ያለበትን 0.22 ጥይትና እሱን የሚተኩስ ሽጉጥ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው 0.22 ሎንግ ራይፍል ደግሞ የመጣው በ1887 ነው።

በመሐሉ ግን የጠርዝ መለኮሻ ለጦር ሜዳም ተሞክሮ ነበር። የ1860ው የአሜሪካ ሄንሪ ጠመንጃ ባለ 0.44 የጠርዝ መለኮሻ ጥይት ነበር የሚተኩሰው። የስዊዘርላንድ ጦር የያዘው የመጀመሪያው ቬተርሊም እንዲሁ። የሚገርመው ሁለቱም መሣሪያዎች መቺያቸው ባለ ሁለት ጥርስ ነበር፤ ጠርዙን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይመታል። የዘመኑ ባለሙያዎች የጠርዙ ቅመም ሁልጊዜ እኩል እንደማይደርስ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ጣሊያን በበኩሏ የቬተርሊን አሠራር ወስዳ በ1870 የራሷን ስትሠራ ጥይቱን ወደ መሐል መለኮሻ ቀየረችው። የዚህ የጣሊያን ቬተርሊ የተሻሻለው ዓይነት ነው በ1896 ዓድዋ ላይ በጣሊያን ጦር እጅ የነበረው።

የጠርዝ መለኮሻ ከጦር ሜዳ የወጣው በመክሸፉ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት እርስ በርስ የሚጋጭ ፍላጎት ነው። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ቅመሙን እንዲደቁስ ነሐሱ ስስና ለስላሳ መሆን አለበት። ነገር ግን ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረውን ግፊት እንዲችል ያው ነሐስ ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። የ0.22 ሎንግ ራይፍል የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት 170 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው፤ የዘመኑ የጦር ጠመንጃ ጥይቶች ግን ከዚህ እጥፍ በላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ የጠርዝ መለኮሻ ዝቅተኛ ግፊት ባላቸው ትንንሽ ጥይቶች ብቻ ተወስኖ ቀረ። እዚያ ግን በርካሽነቱ ማንም አልቻለውም።

የመክሸፍ ምክንያቶች

ምክንያቶቹን በሁለት ወገን ከፍለን እንያቸው።

ሀ) በጥይቱ በኩል። የመጀመሪያውና በጣም የታወቀው የቅመሙ እኩል አለመዳረስ ነው። በፋብሪካ ቅመሙ እርጥብ እያለ (እርጥብ ሲሆን በቀላሉ አይነሳምና) ወደ ቀለሁ ይገባና ቀለሁ በፍጥነት እንዲሽከረከር ይደረጋል። ቅመሙ ከመሽከርከሩ የተነሳ ወደ ጠርዙ ይሸሻል። ካነሰ ወይም ሽክርክሪቱ ካልተስተካከለ የጠርዙ አንድ ክፍል ባዶ ይቀራል። መርፌው ያቺን ባዶ ቦታ ካገኘ፣ በቃ፣ ከሸፈ።

ሁለተኛው እርጥበትና ዘይት ነው። የ0.22 አረር ከኋላው ቀጠን ብሎ ቀለሁ ውስጥ የገባ ነው፤ የሚይዘውም የቀለሁ አፍ በስሱ ተጨምቆ ነው። ሲነካካ ሊላወስ ይችላል። ከተላወሰ እርጥበትም ሆነ መሣሪያ ለመወልወል የሚቀባው ዘይት በዚያ ይገባል። ዘይት የነካው ቅመም ሊደነዝዝ ይችላል።

ለ) በመሣሪያው በኩል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የመርፌው ጉልበት ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከታመቀ ሞላ ነው። በአንደኛ ዓመት እንደተማርነው በሞላ ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት በታመቀበት ርዝመት ካሬ ልክ ነው የሚለወጠው። አንድ ሞላ ከእድሜ ብዛት ዝሎ እመቃው በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ በቀላሉ ስናሰላው የሚቀረው ጉልበት 0.9 በ0.9፣ ማለትም 81 በመቶ ብቻ ነው። ትንሽ የመሰለች ድካም አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት ትወስዳለች። በዚህ ላይ የደረቀ ቅባት ወይም ብርድ ያወፈረው ዘይት ከተጨመረበት መርፌው እየተጎተተ ነው የሚደርሰው። የበረዶ ላይ ሩጫና ተኩስ የተቀላቀለበት ባያትሎን የተባለው ስፖርት ከ1978 ጀምሮ በ0.22 ጥይት ነው የሚካሄደው፤ እዚያ የብርድ ነገር ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ጥይቱ በሚጎርስበት ቦታ የሚከማች ቆሻሻ ነው። የ0.22 አረር ልል እርሳስ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሰም ይቀባል። እርሳሱ፣ ሰሙና የባሩዱ ጥላሸት ተደባልቀው ቀለበት ይሠራሉ። አዲሱ ጥይት እስከ መጨረሻው ሳይገባ በፀጉር ልክ ይቀራል። መርፌው ሲመታው ጉልበቱ ጠርዙን በመጨፍለቅ ፈንታ ጥይቱን ወደ ፊት ለመግፋት ይውላል። ሚስማር ሲመታ ከኋላው ደገፍ ካላደረግነው እንደሚሸሸው ማለት ነው።

በመጨረሻም የመርፌው ጫፍ ራሱ አለ፤ ሊያልቅ ወይም ሊሰበር ይችላል። ባዶ መሣሪያ ላይ ቃታ እየሳቡ መጫወትም በብዙ የ0.22 መሣሪያዎች ላይ ጉዳት አለው፤ የሚቀበለው ጠርዝ ስለሌለ መርፌው የማጉረሻውን ከንፈር ይቀጠቅጠዋል። የተቀጠቀጠው ብረት ወደ ውስጥ ያብጥና ጥይቱ በደንብ እንዳይገባ ያግዳል።

ጥፋቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። ጥይት ሲከሽፍ ተኳሹ «ጥይቱ የማይረባ ነው» ይላል፤ ጥይት ሻጩ ደግሞ «መሣሪያህ አርጅቷል» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ማን ትክክል እንደሆነ የሚነግረን የተኳሹም የሻጩም ድምፅ ሳይሆን ማስረጃው ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የመርፌው ምልክት ነው። የከሸፈውን ጥይትና በዚያው መሣሪያ በደንብ የተተኮሰን ቀለህ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የከሸፈው ላይ ያለው ምልክት ጥልቅና በጠርዙ ላይ በትክክል ያረፈ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጥይቱ ያዘነብላል። ምልክቱ ጭረት የሚያክል ከሆነ ወይም ከጠርዙ ወደ ውስጥ ከሸሸ ጥርጣሬው ወደ መሣሪያው ነው።

ሁለተኛው ብዙ ተኳሾች የሚወዱት ዘዴ ነው፤ ጥይቱን አዙሮ እንደገና መምታት። ከተኮሰ «ባዶ ቦታ ነበረው፣ የፋብሪካው ጥፋት ነው» ይላሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው። ከጠርዙ 360 ዲግሪ ውስጥ 36ቱ ባዶ ነው እንበል። የመጀመሪያው ምት እዚያ ካረፈ ግማሽ ዙር የተዞረው ሁለተኛ ምት ከባዶው ውጭ እንደሚያርፍ እርግጥ ነው። ባለ ሁለት ጥርሱ መቺ የተፈለሰፈውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው። (ዋጋው ደግሞ ያው የሞላ ጉልበት ለሁለት ጥርስ መካፈሉ ነው።)

ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ጥይቱ በቆሻሻ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀርቶ ቢሆንስ? የመጀመሪያው ምት ገፍቶ ቦታው ላይ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ምት የትም ቢያርፍ ይተኩሳል። ማዞሩ ሳይሆን መደገሙ ነው የሠራው። ሁለቱን ለመለየት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ከከሸፉት ጥይቶች ግማሹን አዙሮ፣ ግማሹን ሳያዞሩ በዚያው ቦታ መምታት ነው። የተዞሩት ተኩሰው ያልተዞሩት ዝም ካሉ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ከተኮሰ ግን ጥይቱን ትተን ማጉረሻውንና ሞላውን መመርመር አለብን። (ይህ ምርመራ የሚደረገው በተፈቀደ የመተኮሻ ሜዳ፣ ኃላፊ ባለበት፣ ቀጥሎ የምጠቅሰው የጥንቃቄ ጊዜ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።)

ሦስተኛው ማቀያየር ነው። ሁለት መሣሪያና ሁለት የተለያየ የምርት ዙር ጥይት ወስዶ አራቱንም ጥምረት መሞከር። አንደኛው ጥይት በሁለቱም መሣሪያ ከከሸፈ ነገሩ ግልጽ ነው። አንደኛው መሣሪያ በሁለቱም ጥይት ካከሸፈም እንዲሁ። አስቸጋሪው መክሸፉ በአንድ ጥምረት ብቻ ሲታይ ነው። ያን ጊዜ ሻጩም ተኳሹም በከፊል ትክክል ናቸው፤ መሣሪያው ትንሽ ደክሟል፣ ጥይቱም ትንሽ ደንዝዟል፤ ለየብቻቸው ያልፋሉ፣ ሲገናኙ ግን ይወድቃሉ። በትምህርታችን «መጠባበቂያ ልዩነት» የምንለው ነገር በሁለቱም በኩል ተበልቶ አልቋል ማለት ነው። በብዙ ማሽን ላይ የሚደርስ ብልሽት እንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ትንሽ ስሌት

ከመቶ ጥይት አንዱ የሚከሽፍ ቢሆን ብዙ ሰው «ምንም አይደል» ይላል። በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር 60 ጥይት የሚተኮስ ቢሆን ሁሉም ሳይከሽፉ የማለቅ ዕድላቸው 0.99 ለ60 ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 55 በመቶ ገደማ ይሆናል። ማለትም ከሁለት ተወዳዳሪ አንዱ ማለት ይቻላል በውድድሩ መሐል «ቀጭ» የሚል ባዶ ድምፅ ይሰማል። ከሺህ አንድ ቢሆን ግን ይህ ዕድል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል።

ሌላውን ጎን ደግሞ እንየው። አንድ ሰው ሞላውን ቀይሮ 20 ጥይት ተኩሶ አንድም ሳይከሽፍበት ቀረ። «ተስተካከለ!» ይላል። ነገር ግን ምንም ሳይቀይር እንኳ፣ የመክሸፉ መጠን ከመቶ አንድ ከሆነ፣ 20 ጥይት ያለ እንከን የመተኮስ ዕድሉ 82 በመቶ ነበር። የእሱ ሙከራ ምንም አላረጋገጠም። መጠኑ ከመቶ አንድ በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር 300 ያህል ጥይት ያለ አንዲት ክሽፈት መተኮስ አለበት። ይህ ስሌት ለጥይት ብቻ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ «ሁለቴ አስነስቼው ነሣ፣ ድኗል» ለሚለውም ይሠራል።

ከሸፈ ማለት ሞተ ማለት አይደለም

እስካሁን ያልኩት በሙሉ ቢረሳ እንኳ ይህ ክፍል እንዳይረሳ እለምናለሁ። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ በእርግጥ ከሽፏል። ሁለተኛ፣ መለኮሻው ቀስ ብሎ እየነደደ ነውና ከትንሽ ቆይታ በኋላ ይተኩሳል። ሦስተኛ፣ ደካማ ድምፅ ተሰምቶ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ተወትፎ ቀርቷል። ሦስቱን ከውጭ ሆኖ በዓይን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ በየመተኮሻ ሜዳው ያለው ደንብ እንዲህ ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ መቆየት፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ፊትን ከመዝጊያው አሽሽቶ በቀስታ መክፈት። የሰው ደመ ነፍስ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያዘው፤ «ምን ሆነ?» ብሎ ወዲያው ከፍቶ ማየት ወይም አፈሙዙን ወደ ራስ አዙሮ መመልከት። መዝጊያው ተከፍቶ ጥይቱ ግማሹ ውጭ እያለ ቢለኮስ ነሐሱን የሚደግፈው ነገር የለምና ይቀደዳል፤ ስብርባሪው ወደ ዓይን ነው የሚሄደው። ድምፁ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙ ክፍት መሆኑ ሳይረጋገጥ ሌላ ጥይት ማጉረስ ፈጽሞ አይገባም።

የከሸፈው ጥይትም ኪስ ውስጥ አይያዝም፣ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፣ ለመክፈት አይቆረቆርም። በሜዳው ኃላፊ በኩል ለብቻው ይቀመጣል፣ ይወገዳልም።

ይህ ነገር ለእኛ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም አለው። ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ብዙ ያልፈነዳ ተተኳሽ በየማሳው ቀርቷል። እነዚያ ከ0.22 ጋር በመጠን አይወዳደሩም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በሆነ ምክንያት ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ተቋርጦ ነው እንጂ ጉልበቱ ውስጡ ሙሉ ነው። እረኛ ልጅ አንስቶ በድንጋይ ሲመታው የተቋረጠው ሰንሰለት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከመካከላችን ለእረፍት ወደዚያ አካባቢ የሚሄድ ተማሪ ለታናናሾቹ ሊነግር የሚገባው «አትንካ፣ ቦታውን አስታውስ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር» የሚል ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህች ከጣት ጫፍ ካነሰች ጥይት ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ ብልሽት አንዳንዴ የአንድ ዕቃ ጥፋት ሳይሆን የሁለት ደካማ ዕቃዎች መገናኘት ነው። ሁለተኛ፣ «ሞከርኩት፣ ሠራ» ማለት ማነጻጸሪያና በቂ ቁጥር ከሌለው ማስረጃ አይደለም። ሦስተኛ፣ ያልሠራ ነገር ሁሉ ጉልበቱን አልጨረሰም፤ የታመቀ ሞላ፣ ግፊት ያለበት ቧንቧ፣ ያልተፈታ ካፓሲተር ሁሉም እንደ ከሸፈ ጥይት ናቸው። በወርክሾፓችን ውስጥ አንድ ማሽን አልነሣ ሲል እጃችንን ከመስደዳችን በፊት ቆም ብለን መጠበቅና ማሰብ እንልመድ። ጊዜው 30 ሰከንድ ቢሆን ነው።